ውሸታም ምስክር ይሻለኛል

አንድ ወዳጄ የችሎት ልቦለድ እየጻፈ ነው። ቀን ያስተምራል፣ ማታ ይጽፋል። ሰሞኑን የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ላከልኝና «አንተ ጠበቃ አይደለህ? እስቲ የሕጉን ነገር እይልኝ» አለኝ። አየሁለት። ሕጉ ብዙም አልተዛነፈም። ቀጠሮው ብቻ በየሳምንቱ ይደርሳል፤ የፍርድ ቤት ደጅ የጠና አንባቢ እዚያ ላይ መሳቁ አይቀርም። እኔን አልዋጥልህ ያለኝ ምስክሩ ነው።

ትዕይንቱን ታውቁታላችሁ። ምስክሩ ለዐቃቤ ሕግ ደረቱን ነፍቶ መስክሯል። ተከላካይ ጠበቃው ብድግ ይላል፣ ሦስት አራት ለስላሳ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ አንዲት ወረቀት ያወጣል። ምስክሩ ያልበዋል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ ይንተባተባል፤ በመጨረሻም ገንዘብ ሰጥቶ ያስመሰከረውን ሰው በጣቱ እየጠቆመ ያለቅሳል። ታዳሚው ይንጫጫል። ዳኛው መዶሻ ይመታሉ። (እኛ ጋ መዶሻ የሚመታ ዳኛ አይቼ አላውቅም፤ እሱን ግን ለደራሲው ትቼለታለሁ።)

«ታዲያ ምኑ ነው ያልጣመህ?» አለኝ በስልክ።

ያልጣመኝ ምስክሩ ውሸታም መሆኑ ነው። ውሸታም ምስክር ለተከላካይ ጠበቃ ሲሳይ ነው። የሚዋሽ ሰው የሚዋሽበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ደግሞ ተፈልጎ ይገኛል። የድንበር ጠብ ይሆናል፣ ያልተከፈለ ዕዳ ይሆናል፣ የጋብቻ ቂም ይሆናል። የሚዋሽ ሰው የተዘጋጀበትን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከጎን ስትመጣበት ይደናገጣል። ከሌላው ምስክር ጋር የተማከረው ስለ ዋናው ነገር ነው እንጂ ስለ በሩ ቀለም ወይም በዚያ ቀን ዝናብ ስለ መዝነቡ አይደለም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ከተከሳሹ ጋር ጠብ የሌላት፣ አምስት ሳንቲም የማታገኝበት፣ ሥራዋን ትታ፣ ታክሲ ተሳፍራ፣ ችሎት በር ላይ ግማሽ ቀን ጠብቃ፣ ስትጠራ ገብታ መጽሐፉን ይዛ ምላ «እሱ ነው» የምትል ሴት ናት። አምናበት ነው የምትለው። እሱ ደግሞ አይደለም።

ለውሸታሙ የሚሆነው መድኃኒት ከጥንት የታወቀ ነው። ሶስናን እናስታውስ። በባቢሎን የኢዮአቄም ሚስት ናት። በዚያ ዓመት ዳኝነት የተሾሙ ሁለት ሽማግሌዎች ይመኟታል፤ እንቢ ስትላቸው ከአንድ ጎልማሳ ጋር በአትክልቱ ስፍራ ስታመነዝር አየናት ብለው ይመሰክሩባታል። ሁለት ምስክር፣ ሁለቱም ሽማግሌ፣ ሁለቱም ዳኛ! ሕዝቡ አምኖ ሊወግራት ሲወስዳት ገና ልጅ የነበረው ዳንኤል ይጮሃል። የሚያደርገውም ቀላል ነው። «ለያዩአቸው» ይላል። አንዱን ጠርቶ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳያቸው ይጠይቀዋል፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ይጠራል። ሁለተኛውን ጠርቶ ይጠይቀዋል፤ ሌላ ዛፍ ይጠራል። አለቀ። ዛሬም እኛ ፍርድ ቤት አንዱ ምስክር ሲመሰክር ሌላው ውጭ በረንዳ ላይ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። ጠበቃ ሆኜ ያንን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የሚገርመኝ የዳንኤል ጥያቄ አጭርነት ነው። ስለ ዝሙቱ አልጠየቀም፤ ስለ ዛፉ ነው የጠየቀው።

ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን በዚህ ጥበብ ስሙ የገነነው ደግሞ አብርሃም ሊንከን ነው፤ ፕሬዚዳንት ሳይሆን በፊት፣ የኢሊኖይ ጠበቃ በነበረበት ጊዜ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1857 መጨረሻ፣ ሜዳ ላይ በተደረገ የጸሎት ጉባኤ አጠገብ መጠጥ የቀመሱ ወጣቶች ተጣሉና አንዱ በደረሰበት ድብደባ ከቀናት በኋላ ሞተ። ዳፍ አርምስትሮንግ የሚባል ወጣት ተከሰሰ። አባቱ ጃክ የሊንከን የወጣትነት ወዳጅ ነበር፤ መጀመሪያ የተዋወቁትም ትግል ገጥመው ነው። አባትየው ሞቶ ስለነበር እናቲቱ ሐና ሊንከንን ለመነችው፤ ያለ ክፍያ ቆመላት። ጉዳዩ በግንቦት 1858 ቢርድስታውን በምትባል ከተማ ተሰማ።

ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ቻርልስ አለን ነበር። ከ150 ጫማ ያህል ርቀት ላይ ሆኜ ዳፍ ሲመታው አየሁ አለ። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ጨለማ እንዴት አየህ ሲባል ጨረቃዋ ከፍ ብላ ታበራ ነበር አለ። ሊንከን አልተቃወመውም። እንዲያውም ደጋግሞ አስባለው፤ ጨረቃዋ ከፍ ብላ ነበር? አዎ። ታበራ ነበር? አዎ። ምስክሩ በራሱ ቃል ከታሰረ በኋላ ሊንከን የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፍ አወጣ። በዚያች ሌሊት ጨረቃ የምትጠልቀው ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፎ በደቂቃዎች ነበር፤ ስለዚህ በተባለው ሰዓት ወደ አድማስ ወርዳለች። ዳፍ በነፃ ተለቀቀ። እኛ ሀገር ቢሆን ኖሮ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መምህር ተጠርቶ ሠርቀ ጨረቃውን ያወጣው ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ተቃራኒው ጠበቃ መምህሩን ምን ብሎ መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቀው እንደሚችል ግን አላውቅም!

ሊንከን የውሸት መጽሐፍ አሳትሞ ነው የሚል ሐሜት ለብዙ ዓመት ተወርቶበታል። በኋላ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሲያሰሉት መጽሐፉ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ቻርልስ አለን ዋሽቷል? ሁሉም እንደ ውሸታም ነው የሚተርከው። ጠቡን ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ጠቡ ለወራት ሲወራ የሰማ ሰው፣ ያየውንና የሰማውን አንድ ላይ ሰፍቶ፣ ብርሃን ስለሚያስፈልገው ጨረቃዋን ከፍ አድርጎ ሊሰቅላት ይችላል፤ ሲምልም አምኖ ሊምል ይችላል። መጽሐፉ ያረጋገጠው ጨረቃዋ የት እንደነበረች ብቻ ነው። ዳፍ መምታት አለመምታቱን አላረጋገጠም፤ የአለንን ልብም አላሳየም። ሊንከንም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል፤ በመጽሐፉ ብቻ አልቆመምና። ለሞት ያበቃው ጉዳት በዚያው ጠብ የነበረ ሌላ ሰው ከኋላ ከመታው ምት ሊመጣ እንደሚችል ሐኪም አቅርቦ አስመስክሯል። ይኼ የታሪኩ ክፍል ስለማያዝናና ይመስለኛል ሲነገር የማይሰማው።

የእኛ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ያረጀ ቢሆንም አንቀጽ 137ን እወድለታለሁ። መስቀለኛ ጥያቄ ምስክሩ በዋናው ጥያቄ ከሰጠው መልስ ውስጥ የተሳሳተውን፣ የሚያጠራጥረውን ወይም እውነት ያልሆነውን ለፍርድ ቤቱ ለማሳየት ነው ይላል። ሦስት ነገር ነው የተዘረዘረው፤ ስህተቱ ከውሸቱ ተለይቶ ለብቻው ተቀምጧል። መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን የሚጠቁም ጥያቄ፣ መጠየቅም የተፈቀደልን እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የመሰከሩበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። መሣሪያው ተሰጥቶናል ማለት ነው። ሙያውን ስንማርም ሆነ ትልልቅ ጠበቆችን ስናይ የምንለምደው ግን ለሦስተኛው፣ ለውሸቱ፣ የሚሆነውን አያያዝ ነው። ማፋጠጥ፣ ማጣደፍ፣ «ቅድም እንዲህ አላልክም?» ማለት። ቅን ለሆነችው ምስክር ይህ አይሠራም። ይባስ ብሎ ይጎዳል፤ አንዲት እናት ሲጮኹባት ያየ ዳኛ ልቡ ወደ እሷ ያዘነብላል፤ መፍረድ አይቻልም፣ እኔም ብሆን።

አንዲት ምስክር አስታውሳለሁ። ጉዳዩ የማታ ቅሚያ ነበር። አብረን ወደ ስፍራው እንድንመለስ እየሞከርኩ ቀማኛው ምን ለብሶ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እኔ ልብሱን አላየሁም። ዓይኑን ነው ያየሁት» አሉኝ። ዳኛው መጻፋቸውን አቆሙ። ለዚህ ምን ተብሎ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል? የመልሳቸው ክብደት ከመቶ ወረቀት ይበልጥ ነበር፤ ማስረጃነቱ ግን ያው አንድ ሰው በጨለማ ያየው ዓይን ነው።

ለወዳጄ ያን ቀን የነገርኩት ስለ አዶልፍ ቤክ ነው። የእንግሊዝን ሕግ ያነበበ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ በልቦለድ ቢጻፍ «ተጋነነ» ተብሎ የሚጣል ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1895 ለንደን፣ ቪክቶሪያ ጎዳና። ሸበቶ ጢም ያለው ኖርዌያዊ ሰው ከቤቱ ይወጣል። አንዲት ሴት መንገድ ላይ ታቆመዋለች፤ ኦቲሊ ሜሶኒየር የተባለች የቋንቋ መምህር ናት። ሰዓቴንና ቀለበቶቼን የወሰድክብኝ አንተ ነህ ትለዋለች። ከሳምንታት በፊት አንድ መኳንንት መሳይ ሰው በዚያው አካባቢ ተዋውቋት፣ ቤቷ መጥቶ፣ ልብስና ጌጥ ልገዛልሽ ብሎ፣ ለልክ እንዲሆነኝ ብሎ ቀለበቷን ወስዶ፣ የማይመነዘር ቼክ ሰጥቷት ጠፍቷል። ቤክ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መንገዱን ተሻግሮ ራሱ ወደ ፖሊስ ሄዶ ይህች ሴት እያስቸገረችኝ ነው አለ። ፖሊሱ ሁለቱንም ጣቢያ ወሰዳቸው። ቤክ በገዛ እግሩ ሄዶ ገባ።

ጣቢያው በዚያው ዓይነት ማታለል የተዘረፉ ሌሎች ሴቶች አቤቱታ ነበረው። ቤክን ከሌሎች ሰዎች ጋር አሰልፈው አሳዩአቸው። አንዷ መጥታ እሱ ነው አለች፤ ሌላዋም። አሥር ያህል ሴቶች ለዩት። እነዚህ ሴቶች ከቤክ ጋር ምንም ጠብ የላቸውም። እንዲያውም ተታለልን ብሎ አደባባይ መውጣት በዚያ ዘመን ለሴት ውርደት ነበር፤ ያንን ተሸክመው ነው የመጡት። እነዚህን ሴቶች ውሸታም ናችሁ የሚል ጠበቃ ቢኖር ፍርድ ሰጪዎቹ፣ እዚያ ሀገር ፍሬ ነገሩን የሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ ራሱን ጠበቃውን በጠሉት።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። በ1877፣ ማለትም 18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጆን ስሚዝ የሚባል ሰው በዚህችው ዘዴ፣ በዚሁ የሐሰት ቼክ ተፈርዶበት ታስሯል። ያን ጊዜ ያሰረው ፖሊስ፣ አሁን ጡረታ የወጣው ኤሊስ ስፐሬል፣ በቅድመ ምርመራው ቀርቦ ቤክ ማለት ያ ስሚዝ ነው ብሎ ማለ። በቃሌ ላይ የሰው ዕጣ እንደተንጠለጠለ አውቃለሁ፣ ግን አልጠራጠርም አለ። የጽሑፍ መርማሪው ቶማስ ጉሪንም የ1877ቱ ወረቀትና የአሁኑ የአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ነው አለ።

የቤክ ጠበቃ ቻርልስ ጊል ይህን ሲሰማ ደስ ሳይለው አልቀረም። ምክንያቱም ቤክ በ1877 እንግሊዝ አልነበረም፤ ደቡብ አሜሪካ፣ ፔሩ ነበር፤ ይህን የሚያረጋግጡ ሰዎችም ነበሩ። የሁለቱ ዘመን ወንጀለኛ አንድ ሰው ከሆነ፣ ቤክ ደግሞ በመጀመሪያው ጊዜ ባሕር ማዶ ከነበረ፣ ቤክ ወንጀለኛው አይደለም። እንዲህ ያለ የጠራ መከላከያ በሙያ ዘመን አንዴ ቢገኝ ነው! ዐቃቤ ሕጉ ሆራስ ኤቨሪም ገብቶታል። ስለዚህ የ1877ቱን የሚያነሳውን ክስ ወደ ጎን አስቀምጦ በአሁኖቹ ማታለሎች ብቻ ክሱን መራ፤ ስፐሬልንም ችሎት አልጠራውም። ጊል ጽሑፍ መርማሪውን ስለ 1877ቱ ወረቀት ሊጠይቅ ሲነሳ ኤቨሪ ተቃወመ፤ ያ ጉዳይ እዚህ አልቀረበም አለ። ዳኛው ተቀበሉት። ዳኛው ፎረስት ፉልተን ነበሩ፤ ወጣት ጠበቃ ሳሉ በ1877 ስሚዝን ከስሰው ያስፈረዱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ይኼን ለወዳጄ ስነግረው «ይህማ ተንኮል ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ተንኮል ባይኖርበትም ያው ነበር ባይ ነኝ። ጊል አሁን በእጁ የቀረው ምንድን ነው? አሥር ቅን ሴቶች። ቤክን ራሱን ቃሉን እንዲሰጥ ማድረግ እንኳ አይችልም፤ በእንግሊዝ ሕግ ተከሳሽ በራሱ ጉዳይ ምሎ መመስከር የተፈቀደለት ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1898 ነው። ሴቶቹን አንድ በአንድ ይጠይቃቸዋል፤ አንድ በአንድ እሱ ነው ይላሉ። አንዷ በተጠራጠረች ቁጥር ሌላዋ የምትተማመን ትመጣለች። አሥር ጊዜ የተደገመ ስህተት በሰው ጆሮ እንደ አሥር ማስረጃ ነው የሚሰማው። በመጋቢት 1896 ቤክ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ሲገባ የስሚዝን የድሮ የእስረኛ ቁጥር ሰጡት፤ ተመላልሶ የተፈረደበት መሆኑን የምታሳይ ፊደልም ጨመሩበት። ይግባኝ የሚባል ነገር ስላልነበረ ደጋግሞ አቤቱታ ጻፈ። በ1898 ባለሥልጣኖቹ የስሚዝን የድሮ መዝገብ ሲያዩ ስሚዝ የተገረዘ ሆኖ አገኙት፤ ቤክ አልተገረዘም። ፊደሏን ከቁጥሩ ላይ አነሱለት። ከእስር ግን አላነሱትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሴቶቹ አእምሮ ውስጥ ምን ተደርጎ ነው? በዚህ ላይ ሳይንሱ ብዙ ቆይቶ ነው የደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ባልደረባዋ ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ። ለአንዱ ቡድን ጥያቄው የቀረበው በለዘበ ቃል፣ ለሌላው ቡድን ብርቱ ምት በሚያመለክት ቃል ነው። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ተብለው ተጠየቁ። ፊልሙ ላይ መስታወት አልተሰበረም። ብርቱው ቃል ከደረሳቸው 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ፤ ለዘብ ያለው ከደረሳቸው 50 ሰዎች 7ቱ። ማንም አልዋሸም። አንዲት ቃል ገብታ መስታወት ሰብራ ወጣች። አሁን ደግሞ ጣቢያ ሄዳ «ይኼ ነው አይደል?» የተባለች፣ ለጎረቤት ያወራች፣ ለዐቃቤ ሕግ የደገመች፣ ከስድስት ወር በኋላ ችሎት የቆመች ሴትን አስቡ። በየጊዜው የምታስታውሰው የመጀመሪያውን ፊት ሳይሆን የመጨረሻ ጊዜ የነገረችውን ነው፤ በየጊዜውም የበለጠ እርግጠኛ ትሆናለች። በአሜሪካ በዘረመል ምርመራ ንጹሕነታቸው ከተረጋገጠላቸው እስረኞች ከግማሽ በላይ በሆኑት ጉዳይ ውስጥ ለይቼዋለሁ ያለ ምስክር ነበረበት።

ድሮ እኛ ሀገር ሌባ ሻይ የሚባል ነበር። የተሰረቀበት ሰው ሌባ ሻዩን ይጠራል፤ ሌባ ሻዩ ለአንድ ልጅ የሚያፈዝ ነገር ያጠጣዋል፣ ልጁ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ስንማር እንስቅበት ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያ ልጅም አልዋሸም። ደግሞ ከመጠየቅ በላይ ነው፤ ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ? እኛ ያንን ትተን ወደ መስቀለኛ ጥያቄ መምጣታችን ትልቅ ነገር ነው። ተከሳሹ ብቻውን ከፖሊስ ጋር የተከሳሽ ሣጥን ውስጥ ቆሞ «ያዩት ሰው እዚህ ችሎት አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን፣ የምስክሯ ጣት ሌላ የት እንዲሄድ ነው የሚጠበቀው? እዚያ ጊዜ ላይ ገመዱ ትዝ ይለኛል።

የእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ተርንቡል በሚባለው ጉዳይ ይህንን ፊት ለፊት ተናግሯል። የሰው መለየት ማስረጃ ብቻውን የክሱ ምሰሶ በሚሆንበት ጊዜ ዳኛው ለፍርድ ሰጪዎቹ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ የተሳሳተ ምስክር አሳማኝ ሊሆን እንደሚችልም መንገር አለበት። ከዚያ የሚመረመሩትን ይዘረዝራል፦ ለምን ያህል ጊዜ አየችው፣ ከምን ያህል ርቀት፣ በምን ብርሃን፣ የጋረደ ነገር ነበር ወይ፣ ቀድሞ ታውቀዋለች ወይ፣ ካየችው እስክትለየው ስንት ቀን አለፈ፣ መጀመሪያ የሰጠችው መልክ ከሰውየው ጋር ይገጥማል ወይ። እኛ ዳኛው ራሱ ነው ፍሬ ነገሩንም የሚወስነው፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ለራሱ ነው የሚሰጠው። ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግ ተረቅቆ ነበር፣ ሳይወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ጥሩ ዳኛ ይህን ሁሉ ሳይጻፍለት ያደርገዋል። በደንበኛዬ ዕጣ ላይ ግን በጥሩ ዳኛ ብቻ መመካት አልወድም።

ስለዚህ ከቅን ምስክር ጋር ስገጥም ዝርዝሩን ይዤ እገባለሁ፤ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። እርስዎ ያዩትን ነው የሚናገሩት፣ አልጠራጠርም ብዬ እጀምራለሁ። ከምር ነው የምለው። መብራት የሚሰጠው ምሰሶ ከየት በኩል ነበር? ሰውየው ሲመጣ ፊቱ ወደ እርስዎ ነበር ወይስ ወደ ስልክዎ? ቦርሳውን ሲይዙ እጁን ነበር የሚያዩት? ጣቢያ የጠራዎት ማነው፣ ሲጠራዎት ምን አለዎት? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ መልሱ «ሌባውን ይዘነዋል ኑ አለኝ» ነው። እዚያ ላይ አቆማለሁ፤ ሌላ አልጠይቅም። «ስለዚህ ተሳስተዋል አይደል?» ብዬ ከጠየቅኩ «አልተሳሳትኩም» ትላለች፣ የሠራሁትንም ታፈርሰዋለች። የቀረው ለመደምደሚያ ንግግር ነው።

ይህ ሥራ ከውጭ ሲታይ ሥራ አይመስልም። ደንበኞቼ ይናደዳሉ። ሰውየው የተከሳሽ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ያዳምጣል፣ እኔ ደግሞ የከሰሰችውን ሴት «እማማ» እያልኩ ስለ መብራት አወራለሁ። አንዱ ወጥተን «አቶ ጠበቃ፣ ውሸታም ናት ለማለት ፈራህ እንዴ? ገንዘቤን የበላኸው ለምንድን ነው?» ብሎኛል። ውሸታም አይደለችም አልኩት። ያን ጊዜ ያየኝን አስተያየት ለማስረዳት አልሞክርም። ለእሱ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ እሷ ትዋሻለች፣ ወይ እሱ ሌባ ነው። ዐቃቤ ሕጉም ይህንኑ ነው ለፍርድ ቤቱ የሚያቀርበው፦ «ይህች እናት ለምን ብለው ይዋሻሉ?» ተከሳሹና ዐቃቤ ሕጉ ሳያውቁት አንድ ሐሳብ ላይ ይገናኛሉ። እኔ በመሐል ሆኜ ሦስተኛውን በር ለመክፈት እታገላለሁ። ከከፈትኩት በዚያው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 መሠረት ደንበኛዬ መከላከያ ሳያቀርብ በነፃ ይሰናበታል። ካልከፈትኩት በ142 «ተከላከል» ይባላል፤ ሌሊት ቤቱ ተኝቶ የነበረ ሰው ደግሞ ከሚስቱና ከእናቱ በቀር ምስክር ከየት ያመጣል?

ቤክ በ1901 ተፈታ። በ1904 ሚያዝያ ላይ እንደገና ያዙት፤ በዚያው ዘዴ፣ በአዲስ ሴቶች አቤቱታ። አሁንም አምስት ሴቶች ለዩት፤ አሁንም ሰኔ ላይ ጥፋተኛ ተባለ። የዚህኛው ችሎት ዳኛ ግራንታም አንድ ነገር ከነከናቸውና ቅጣቱን ለሌላ ቀን አሳደሩት። ቤክ ውሳኔ እየጠበቀ በእስር ላይ ሳለ፣ በዐሥረኛው ቀን፣ አንድ ሰው ከሴቶች የወሰደውን ቀለበት መያዣ ሱቅ፣ ማለትም ዕቃ ይዞ ገንዘብ የሚያበድር ሱቅ፣ ሊያሲዝ ሲል ተያዘ። ቤክ ተቆልፎበት ሳለ ሴቶች በዚያው መንገድ እየተታለሉ ነበር ማለት ነው። ሰውየው የ1877ቱ ጆን ስሚዝ ሆኖ ተገኘ። የእጅ ጽሑፉ ገጠመ። ቤክን ለይተው የነበሩ ሴቶች ስሚዝን ሲያዩት እሱ ነው አሉ።

ወዳጄ ጠበቃው የት ሄደ ብሎ ጠየቀኝ። ጠበቃው የትም አልሄደም፤ በዚህ ውስጥ የለበትም። መስቀለኛ ጥያቄ አይደለም ቤክን ያስፈታው፤ የመያዣ ሱቅ ነው። ይቅርታ ተደረገለት፤ መጀመሪያ 2,000 ፓውንድ ካሳ ተቆረጠለት፣ ጋዜጦች ሲጮኹ 5,000 አደረጉት። ፓርላማው በ1907 የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት አቋቋመ። ስሚዝ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ፤ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ቤክ የተፈረደበት ሰባት ነበር።